ያልታዘዘ ዕቃ ደጅ ሲደርስ

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው የቆየ ተረት የሚነቅፈው ያልተጠራውን ሰው ነው። ስለ ቤቱ ባለቤት ግን የሚናገረው ነገር የለም። ያልተጠራው መጥቶ አቤት ሲል፣ ያልታዘዘውም ዕቃ ተጭኖ መጥቶ ከደጅ ሲራገፍ፣ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ይቀበለው? ይመልሰው? ወይስ ሳይነካው እደጅ ያሳድረው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የቤት እመቤትና የሱቅ ነጋዴ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን የመሐንዲስም ጉዳይ ነው። በላስታ ተራሮች መካከል በምትገኘው በላሊበላ ከተማ ይኸው ጥያቄ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው በመጽሐፍ ወይም በድስት ሳይሆን በሬንጅ፣ በቆርቆሮና በብረት ዐምድ ምክንያት ነው።

ነገሩን ከሥር ለመረዳት አስቀድሞ ሕጉን መመልከት ይጠቅማል። በበለጸጉት አገሮች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፖስታ ንግድ ሲስፋፋ አንድ መጥፎ ልማድ አብሮ ተስፋፋ። ነጋዴው ማንም ሳያዝዘው መጽሐፍ፣ ሸክላ ወይም የወጥ ቤት ዕቃ በፖስታ ወደ ሰው ቤት ይልካል። ከዚያም «ካልመለስህ እንደ ገዛህ እቆጥርሃለሁና ዋጋውን ክፈል» የሚል ደብዳቤ ያስከትላል። ተቀባዩ ለመመለስ ቢፈልግ የፖስታውን ዋጋ የሚከፍለው ራሱ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ባለዕዳ ይሆናል። ይህን ለማስቀረት የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት የፖስታ ሕግ ሳይታዘዝ በፖስታ የተላከን የንግድ ዕቃ ተቀባዩ እንደ ስጦታ ሊቆጥረው፣ ሊጠቀምበት ወይም ሊጥለው እንደሚችልና ምንም ግዴታ እንደሌለበት ደነገጉ። እንግሊዝ በበኩልዋ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው ሕግ ላኪው በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ መጥቶ ዕቃውን ካልወሰደ፣ ወይም ተቀባዩ በጽሑፍ አስታውቆት 30 ቀን ካለፈ፣ ዕቃው የተቀባዩ እንዲሆን ወሰነች። የአውሮፓ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው መመሪያ የተቀባይ ዝምታ እንደ ስምምነት እንዳይቆጠር ለአባል አገሮች ሁሉ አዘዘ።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ወደ ኋላ የቀረ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ውል እንዲዋዋል ሐሳብ የቀረበለት ሰው ሳይመልስ ዝም ቢል እንደ ተቀበለ አይቆጠርም የሚለውን መሠረተ ሐሳብ አስፍሮአል። ከዚህም በላይ ይኸው ሕግ ስጦታን ራሱን ከውል ይመድበዋል። ይህም ማለት ሰጪው ስለ ሰጠ ብቻ ስጦታ አይጸናም፤ የተቀባዩ ፈቃድ ሊጨመርበት ይገባል ማለት ነው። ይህ ነጥብ ለኋለኛው ነገር ቁልፍ ስለሆነ በልብ ሊያዝ ይገባዋል። በተለምዶ ሰው መቀበል ያለበት የገዛውን እንጂ የተሰጠውን አይመስለውም፤ ለተሰጠው ማመስገን ብቻ ይበቃል ይላል። ሕጉ ግን የተሰጠውም ሰው የመመርመርና እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይናገራል።

የሆነ ሆኖ ያልታዘዘ ዕቃ በኢትዮጵያ የሚመጣው እንደ ባሕር ማዶው በፖስተኛ እጅ አይደለም። የአገራችን ፖስታ ለረጅም ዘመን በሣጥን ቁጥር ሲሠራ የኖረ እንጂ ቤት ለቤት የሚያድል አልነበረም። በላስታም የገበሬው ጎጆ ከመንገድ የራቀ፣ መንገዱም ለበቅሎ እንጂ ለመኪና ያልተመቸ ሆኖ ብዙ ዘመን አልፎአል። ስለዚህ በእኛ አገር ያልታዘዘ ዕቃ የሚመጣበት ዋናው በር ሌላ ነው፤ እርሱም ርዳታ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የመድኃኒት ርዳታ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በኤርትራ ጦርነት ጊዜ ከተላኩት መድኃኒቶች መካከል ጊዜው ያለፈበት ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ አስፕሪን ነበረ። እርሱን አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጀ። ማንም ያልጠየቀው አንድ ኮንቴይነር ሙሉ የልብ መድኃኒትም ሁለት ወር ብቻ ዕድሜ ቀርቶት ደረሰ። ከዚህም ሌላ 30,000 ጠርሙስ ጊዜው ያለፈበት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ መጥቶ ሽታው ስላስቸገረ ከመንደር አጠገብ የሚጣልበት ቦታ ታጣ። የዓለም የጤና ድርጅት ይህንንና በሌሎች አገሮች የደረሰውን ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የመድኃኒት ርዳታ መመሪያ አወጣ። የመመሪያው አሳብ በአጭሩ ሲገለጽ አራት ነው፦ ርዳታው ለተቀባዩ የሚጠቅም ይሁን፤ የተቀባዩ ፍላጎትና ሥልጣን ይከበር፤ ለሰጪው አገር የማይበቃ ጥራት ለተቀባዩ ይበቃል አይባል፤ በሰጪና በተቀባይ መካከል አስቀድሞ መነጋገር ይኑር። እነዚህ አራት ነጥቦች ለመድኃኒት ተብለው ቢጻፉም ለሕንፃም እንደሚሠሩ የላሊበላ ታሪክ ያሳያል።

ቤቱና ባለቤቶቹ

ላሊበላ፣ በቀድሞ ስሟ ሮሃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዛጔው ንጉሥ በቅዱስ ላሊበላ ስም የሚታወቁት፣ በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነበረው ዘመነ መንግሥቱ ጋር የሚያያዙት 11 አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ከተገኘ ልል ድንጋይ ነው። ከእነርሱ መካከል ትልቁ ቤተ መድኀኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 23 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱም 11 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ድንጋዩ ለመጥረብ የተመቸ በመሆኑ ጠራቢዎቹን ረድቶአቸዋል፤ ይኸው መልካም ጠባዩ ግን ለውሃ የተጋለጠ አድርጎታል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ፀሐይ ደርቆ ይኮማተራል። በውስጡ ያለው ጨው ከውሃው ጋር ወደ ላይ ወጥቶ ገጹን ይፈረፍረዋል። በጣራው ላይ ያሉ ስንጥቆች ውሃ ያስገባሉ፤ የጥንት ሠሪዎች የቈፈሩአቸው የውሃ መውረጃ ቦዮች በደለል ሲሞሉ ደግሞ ውሃው ወደ መሠረቱ ይመለሳል።

ይህ ቤት አንድ ባለቤት ብቻ ያለው አይደለም። ካህናቱ ሌሊትና ቀን ይገለገሉበታል። ምእመኑ በገና በዓል ከሩቅ አገር በእግሩ ተጉዞ ይሳለመዋል። መንግሥት የአገር ቅርስ ነው ብሎ በሕግ ይጠብቀዋል። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ከገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። ስለሆነም ወደዚህ ቤት ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሁሉ «የማንን ደጅ ልምታ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባው ነበር። ባለፉት ሰባ ዓመታት የተፈጠረው ችግር አብዛኛው የመነጨው ይህ ጥያቄ በሚገባ ካለመጠየቁ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ልማድ ስእለት ይዞ የሚመጣ ሰው ዕጣኑን፣ ጧፉን፣ መጋረጃውን ወይም ጥላውን ለደብሩ ያስረክባል። ገበዙም ተቀብሎ ለዕቃ ቤት ያስገባል። ስእለት ማንም ያላዘዘው ዕቃ ነው፤ ነገር ግን የሚረከበው ሰው አለው፣ የሚቀመጥበት ቦታ አለው፣ ቢያረጅ የሚጠይቅለት ሰው አለው። የቴክኒክ ርዳታ ወደ ላሊበላ ሲመጣ የጎደለው ይህ የገበዝ ሥራ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የመጀመሪያው ዕቃ፤ ሬንጅ

እ.ኤ.አ. በ1954 በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ሰፊ የጥገና ሥራ ተካሄደ። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ የውሃ ጠላቱ ሬንጅ ነው። ጣራ ሲያፈስ ሬንጅ ይቀባል፤ የመርከብ ሆድና የድልድይ ብረትም በሬንጅ ይጠበቃል። ስለዚህ የድንጋዩ ውጫዊ ገጽ በሬንጅ ተለበጠ፤ በሬንጁም ላይ የድንጋዩን መልክ እንዲመስል ቀይ ቀለም ተቀባበት።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ግን ስለ ድንጋዩ ጠባይ አልተጠየቀም። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ግድግዳ ውሃ የሚያገኘው ከላይ ከሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከመሬት ጋር ያልተለያየ ስለሆነ እርጥበትን ከሥሩ ይስባል። ይህን እርጥበት የሚያስወጣው በገጹ ነው። ገጹ በሬንጅ በተደፈነ ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ውሃ በከፊል ቢከለከልም ከውስጥ የሚወጣው መውጫ አጣ። መውጫ ያጣ እርጥበት ከልባሱ ኋላ ይጠራቀማል፤ ጨውንም እዚያው ያስቀምጣል፤ በመጨረሻም ልባሱ ሲላቀቅ የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ይወርዳል።

ዕቃውን ለመመለስ የወደቀው ድካም ከማምጣቱ ይልቅ ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በኒው ዮርክ በ1965 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሐውልቶች መርጃ ድርጅት (ኋላ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የተባለው) ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ላሊበላን ያዘ። ሥራውን የመራው ከቤርጋሞ የመጣው ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ ነበር። እርሱና አብረውት የሠሩት ሰዎች ካከናወኗቸው ተግባራት ዋነኛው ያንን ሬንጅና ቀለም ከድንጋዩ ላይ እየፋቁ ማንሣት ነበር። የተቀባው ልባስ በትዕግሥት ተፈቀፈቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ያልታዘዘ መጽሐፍ በመጣበት ወረቀት ተጠቅልሎ ይመለሳል፤ በሕንፃ ላይ የዋለ ዕቃ ግን አንዴ ከተጣበቀ በኋላ እንደ መጣ አይመለስም። ላኪው ቢመጣና ልውሰድ ቢል እንኳ ከቤቱ ክፋይ ሳይቆርጥ ሊወስደው አይችልም።

ሁለተኛው ዕቃ፤ መጠለያ

ከአንጄሊኒ ሥራ በኋላም ዝናቡ አልቆመም። ስንጥቆቹም እየሰፉ ስለ ሄዱ በኋለኞቹ ዓመታት በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ጊዜያዊ መጠለያዎች ተተከሉ። ቆርቆሮው ዝናቡን ቢከላከልም ለዓይን አስቀያሚ ነበር። ስለዚህ የተሻለ መጠለያ እንዲሠራ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ተደረገ፤ የኢጣሊያ አርክቴክቶች ድርጅት አሸነፈ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከብረት ዐምዶችና ከሸራ መሰል ልባስ የተሠሩ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተተክለው ቤተ መድኀኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምንና ከአጠገቡ ያለውን ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ሸፈኑ። የታሰቡትም ድንጋዩ እስኪጠገን ለጊዜው እንዲያገለግሉ እንጂ ለዘለቄታ አልነበረም።

እነዚህ መጠለያዎች በሕግ ቋንቋ ያልታዘዙ ዕቃዎች እንዳልሆኑ በቅድሚያ መናገር ፍትሕ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማናቸውም ጥገና አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል፤ ሥራውም የተካሄደው ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር። ደግሞም መጠለያዎቹ የተተከሉበትን ተግባር፣ ማለትም ዝናብን መከልከልን፣ ፈጽመዋል። ክርክሩ የተነሣው በሌላ ወገን ነው። ውሉን የፈረመው ወገን አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ ከዐምዱ ሥር ቆሞ የሚቀድሰው ካህን ደግሞ ላሊበላ ይኖራል። የአንዱ ፊርማ የሌላውን ዝምታ ወደ ስምምነት ሊለውጠው ይችላልን? የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ስለ ሁለት ሰዎች የተናገረውን መሠረተ ሐሳብ ለአንድ ሕዝብና ለአንድ ቅርስ ቢተረጉሙት መልሱ ቀላል አይሆንም።

በቴክኒክ ረገድ የተነሡት ስጋቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ክብደት ነው። ዐምዶቹ የሚያርፉት ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከተቈፈረው ገደል አፋፍ አቅራቢያ ሲሆን፣ ያ አፋፍ ራሱ ስንጥቅ ያለበት አለት ነው። ሁለተኛው ስለ ነፋስ ነው። ብዙ ሰው ጣራ አስጊ የሚሆነው በክብደቱ ብቻ ይመስለዋል፤ መሐንዲስ ግን ቀላል ጣራ ይበልጥ የሚፈራው ሽቅብ የሚያነሣውን ኀይል መሆኑን ያውቃል። ለምሳሌ ያህል በላሊበላ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በአንድ ሜትር ኩብ 0.95 ኪሎ ግራም ገደማ ነው ቢባል፣ በሴኮንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ወደ 43 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል። የቤተ መድኀኔ ዓለም ጣራ ስፋት ብቻውን 787 ሜትር ካሬ ያህል ነውና ይህን ያህል ስፋት ያለው ሽፋን በዚያ ግፊት ቢነሣ የሚሳበው ኀይል ከ33 ቶን በላይ ይሆናል። ይህን ኀይል ለመያዝ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ብረቱን በአለቱ ውስጥ ሰርስሮ ማሠር፣ ወይ ከባድ ሚዛን ከሥሩ መጫን። የመጀመሪያው ቅርሱን ይወጋል፤ ሁለተኛው ቅርሱን ይጫናል። ማንም የተሻለ ንድፍ ቢያመጣ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን በመጠኑ መክፈሉ አይቀርም።

ሦስተኛው ስጋት ስለ ድርቀት ነው። ለስምንት ምዕት ዓመት በየክረምቱ ሲርስ የኖረ ድንጋይ በድንገት ዝናብ ሲከለከል የእርጥበት ሚዛኑ ይለወጣል። ከልክ በላይ የደረቀ ልል ድንጋይ ሊኮማተርና ሊሰነጠቅ ይችላል የሚለው አሳብ በባለሙያዎች ተነሥቶ ተጨማሪ ጥናት እንዲደረግበት ተጠይቆአል። የዓለም ቅርስ ኮሚቴም ስለ መጠለያዎቹ ጉዳይ ተወያይቶአል።

ከሦስቱም ስጋቶች በላይ ግን አንድ አስተዳደራዊ ጉድለት ጎልቶ ይታያል። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ማብቂያ ቀን ካልተቈረጠለት፣ የሚያነሣው ሰው ካልተሰየመለት፣ የማንሻው ገንዘብም ካልተቀመጠለት «ቋሚ» ማለት ነው። ጥቂት ዓመት ብቻ እንዲቆዩ የታሰቡት መጠለያዎች ዐሥር ዓመት አለፋቸው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ነዋሪዎችና ካህናት አደባባይ ወጥተው መጠለያዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱን አደጋ ላይ ጥለዋልና ይነሡልን ብለው በሰልፍ ጠየቁ። ይህ ሰልፍ በጥቂት ሺህ ቃላት ከሚጻፍ የቴክኒክ ዘገባ የበለጠ ትርጉም ነበረው። ሕዝቡ በሕጉ ቋንቋ ሲናገር ያሰማው ቃል «ዝም ያልነው ተቀብለን አይደለም» የሚል ነበርና። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላን ጐብኝተው አገራቸው ለቅርሱ ጥበቃ እንደምትረዳ ገለጹ፤ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ባለሙያዎችም ጥናት ጀመሩ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላን ራሷን ስለ ነካት ያ ሥራ በሰላም ጊዜ እንደሚሠራው ሊሆን አልቻለም።

ዕቃውን መመለስ

እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው እንግሊዛዊው ሕግ ላኪው በስድስት ወር መጥቶ ዕቃውን ይውሰድ ይል ነበር። ይህ ትእዛዝ ለላሊበላ ቢጠቀስ ምን ይመስላል? መጠለያን ማንሣት ከመትከል ይልቅ አደገኛ ነው። ሲተከል ከሥር ያለው ሁሉ ታውቆ፣ ሰው ርቆ፣ ክፍሎቹ አዲስ ሆነው ነው። ሲነሣ ግን ብሎኑ ዝጎ፣ ልባሱ ተቀዶ፣ ዐምዱ በዓመታት ጫና ተሳስቦ ይገኛል። አንድ የተላቀቀ የብረት ክፋይ ከዐሥር ሜትር ከፍታ ቢወድቅ የሚያርፈው በእምነት ሰው እጅ በተጠረበ፣ ዳግመኛ ሊሠራ በማይችል ድንጋይ ላይ ነው። ክሬን ለማቆም እንኳ ከባዱን መኪና የሚሸከም መሬት መፈለግ ያስፈልጋል፤ ያ መሬት ደግሞ ከሥሩ ዋሻና ምንባብ የተፈለፈለበት ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ መጠለያው በተነሣ ማግሥት ክረምት ቢገባ ያልተጠገነው ጣራ እንደገና ለዝናብ ይጋለጣል። ስለዚህ «ይነሣ» የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ «መጀመሪያ ምን ይደረግ?» ከሚለው ጥያቄ ሊለይ አይችልም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ስንጥቁን መጠገን፣ ቦዩን መጥረግ፣ ድንጋዩ ዝናብ መቻሉን መመርመር፣ ከዚያም በበጋ መጠለያውን ክፍል በክፍል ማውረድ ነው።

ይህ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ እዚያው ላሊበላ ውስጥ አለ። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ቆየት ብሎም በቤተ ጎልጎታና ሚካኤል፣ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ያካሄደው ሥራ ትኩረቱን በድንጋዩ በራሱ ላይ አድርጎአል። ስንጥቆቹ ለድንጋዩ ጠባይ በሚስማማ ማጣበቂያ ተሞሉ፤ የአካባቢው ሰዎችም ሙያውን እንዲማሩ ተደረገ። በዚህ ሥራ ወደ ቤቱ የገባው ዋና ዕቃ ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ ሠሪው አገሩ ሲገባ ከባለቤቱ እጅ ይቀራል፤ ዝገት አይበላውም፣ ማንሻም አያሻውም።

የተቀባዩ ተግባር

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት ያልታዘዘ ወይም በግማሽ ብቻ የታዘዘ ዕቃ ከደጅ ሲደርስ ተቀባዩና የተቀባዩ መሐንዲስ ሊከተሉት የሚገባው ሥርዐት እንደሚከተለው ሊቀመር ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ ዕቃው ከመኪና ከመውረዱ በፊት መልስ ይሰጥ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ዝምታ ስምምነት አይደለም የሚለው ሕግ ተቀባዩን ከዕዳ ሊያድነው ይችላል፤ ቤቱን ከጉዳት ግን አያድነውም። በፍርድ ቤት የሚረታ ሰው ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ሊረታ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ውሳኔው ሳይሰጥ ዕቃው ሥራ ላይ አይዋል። ሕግ ለተቀባዩ ልዩ ጥበቃ ካላደረገለት በቀር ዕቃውን መጠቀም የጀመረ ሰው አልተቀበልሁም ለማለት ይቸገራል። በሕንፃ ረገድም ነገሩ አንድ ነው፤ ያልተጣበቀ ይመለሳል፣ የተጣበቀ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ተጠብቆ ይቀመጥ። የሰው ገንዘብ ነውና ተቀባዩ ስላላዘዘው ብቻ ሊያበላሸው አይገባም። መሥሪያ ቤትም ቆጥሮ፣ መዝግቦና አስፈርሞ ያኑር።

አራተኛ፣ ከስጦታው ጋር አራት ሰነዶች ይጠየቁ። እነርሱም የጫናው ሒሳብ፣ የጥገናው መመሪያ፣ የአገልግሎቱ ዘመን የሚያበቃበት ቀንና የማንሣቱ ዕቅድ ናቸው። አራተኛው ሰነድ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ካልተናገረ ሦስቱ ቢሟሉም ስጦታው ሙሉ አይደለም። የሚሰጥ እንጂ የሚያነሣ በጀት የሌለው ፕሮጀክት ግማሹን ወጪ ለተቀባዩ ልጆች ያስተላልፋል።

አምስተኛ፣ ማን ባለቤት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቅ፤ በዕቃው ሥር የሚኖረው ሁሉ ይጠየቅ። ለላሊበላ ይህ ማለት ሚኒስቴሩንና ባለሥልጣኑን ብቻ ሳይሆን የደብሩን አለቃና ገበዝ፣ ካህናቱንና የከተማውን ሽማግሌዎች በንድፉ ሰሌዳ ፊት ማስቀመጥ ነው። ካህን የብረት ጫና ማስላት ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን ነሐሴ ሲገባ ውሃው በየትኛው ማዕዘን እንደሚገባ፣ የትኛው ስንጥቅ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ እንደ ነበረና የትኛው ትናንት እንደ መጣ ከማንም መሣሪያ ይልቅ ያውቃል።

እነዚህ አምስት ነጥቦች ለላኪው ጥላቻን አያስተምሩም። በላሊበላ ላይ ሬንጅ የቀቡትም፣ ሬንጁን የፋቁትም፣ ብረቱን የተከሉትም ቤቱን ሊያድኑ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ስሕተቱ በፈቃዳቸው ሳይሆን በአካሄዳቸው ላይ ነው። ቸርነት ያለ ጥያቄ ሲመጣ ጥያቄውን የማቅረብ ግዴታ ወደ ተቀባዩ ይተላለፋል፤ ተቀባዩም አገር በሆነ ጊዜ ያ ግዴታ በአገሩ መሐንዲሶች ጫንቃ ላይ ያርፋል። የውጭ ንድፍ መጥቶ ፊርማ ሲጠየቅ «የሚነሣበት ቀን መቼ ነው? የሚያነሣው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ውለታ ቢስነት አይደለም። ገበዝ የመጣውን ስእለት ተቀብሎ ወደ ዕቃ ቤት ከማስገባቱ በፊት እንደሚያየው ማየት ነው።

ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ ተነጥሎ በመስቀል ቅርጹ ያለ መጠለያ ቆሞአል። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚጓዝ መሐንዲስ ሁለቱን ዓይነት፣ የተሸፈኑትንና ያልተሸፈነውን፣ በአንድ ቀን ተመልክቶ ሊያነጻጽር ይችላል። የጥንቶቹ ሠሪዎች ለዝናቡ የሰጡት መልስ በየቤቱ ዙሪያ በተቈፈረው ቦይና በጣራው ተዳፋት ላይ ተጽፎአል። ከሩቅ የሚመጣ ማናቸውም ዕቃ ከመራገፉ በፊት ያ መልስ በሚገባ መነበብ አለበት።